ፍም ላይ ጠብ ያለ ቅቤ

ዘንድሮ የግንቦት ልደታን ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ ካከበርን ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «እትዬ አስካለ፣ ይተዉት እንጂ፣ ያረጀ ነገር ነው» ይለኛል። ለእነሱ አርጅቶ ይሆናል። እኔ ቂሜን እንደ በርበሬዬ በደንብ አድርቄ፣ በደንብ ከድኜ ነው ያስቀመጥኩት፤ አንድም ቀን አልነቀዘብኝም። ቂመኛ መሆኔን ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ይቆጡኝ ነበር፤ አሁን ሰልችቷቸው «እንግዲህ ልቦና ይስጥሽ» ብለው ያልፉኛል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንድታስታርቁኝ አይደለም። የደረሰብኝ በደል ምን እንደነበር፣ ብድሬንም እንዴት እንደመለስኩ እኔው ራሴ ልናገረው ብዬ ነው፤ ሰው ሲያወራው ያበላሸዋል።

ያኔ የምንኖረው ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ፣ ወደ ጠመንጃ ያዥ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ዳር ነበር። አንድ ግቢ፣ ዙሪያውን የተደረደሩ የቀበሌ ቤቶች፣ መሀሉ ላይ አንድ ቧንቧ፣ ከጀርባ ደግሞ በቆርቆሮ የተከለሉ ማድ ቤቶች። ግድግዳው ስስ ስለነበር ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርሽ» የምንለው ከመኝታችን ሳንነሣ ነው። ከግቢው በር ወጣ ሲሉ ወፍጮ ቤቱ አለ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሻይ ቤቱ፣ ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ዘፈን ይንቆረቆራል። ቦላሌ ሱሪ የለበሱ፣ ጠጉራቸውን ያጎፈሩ ጎረምሶች እዚያ በር ላይ ተደርድረው ዘፈኑን ይቀበሉታል። መታጠፊያው ላይ ጉልት ነበር። በስሙኒ አንድ እቅፍ ጎመን ይገኛል፣ በዚያ ላይ ሴትዮዋ ቃሪያ ትመርቅልሃለች። ሽንኩርት በመደብ በመደብ ተደርድሮ፣ የቱ መደብ እንደሚበዛ ከሩቅ ዓይቼ እለይ ነበር። ዛሬ ልጆቹ ሽንኩርት በፍሬ ሲገዙ ሳይ ያ መታጠፊያ ይናፍቀኛል። አሁን በቦታው ላይ መኪና ይቆምበታል።

ባለቤቴ ተሰማ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነበር የሚሠራው። አንድ ኮትና አንድ ቴትሮን ሱሪ ነበረው፤ ሱሪውን ፍራሽ ሥር አንጥፎ ተኝቶበት ያድርና ጠዋት እንደ ምላጭ ሆኖ ይነሣል። ደመወዙ ግን ፍራሽ ሥር ቢያድርም አይረዝምም። ሦስት ልጆች አሉን። ስኳርና ዘይት በኩፖን ነው። እንግዲህ ይህንን ቤት ማን ያቆመው ይመስላችኋል? እኔ ነኝ። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ቤቴ ድረስ ሳምንቱን በሐሳቤ ሠርቼ እጨርሰው ነበር።

ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የሚቁላላው፤ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ። መጀመሪያ የገባ ዘይት በሽንኩርቱ ተጠጥቶ ይቀራል፣ ወደ መጨረሻ የገባ ግን ወጡ ላይ ወጥቶ ይታያል። ዱባ በስሱ ፈቅፍቄ ከሽንኩርቱ ጋር አበስለዋለሁ፤ ይሟሟና ቁሌቱን ያበዛዋል፣ ማንም አይነቃበትም። ምስር የተቀቀለበት ውሃ አይደፋም፣ ለሽሮው መበጥበጫ ይሆናል። የእሑዱ ሥጋ ወጥ ውስጥ ክክ እጨምራለሁ፤ ሥጋው ለአባወራው ይደርሳል፣ ክኩ የሥጋውን ጣዕም ይዞ ለልጆቹ ይደርሳል። የተረፈ እንጀራ ሰፌድ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል፣ ሐሙስ ለፍርፍር። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ጾም ደግሞ የድሃ ወዳጅ ነው፤ ሀብታሙም ሽሮ፣ እኔም ሽሮ። ልጆቼ በእኔ ቤት ተርበው አያውቁም። ይህን የምለው ማንም እንዲያመሰግነኝ አይደለም። አንድ ሰው ብቻ እንዲያውቀው እፈልግ ነበር።

ያች ሰው ዘነበች ናት። ባሏ ግቢያችን በር ላይ ሱቅ ነበረው። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «እትዬ» እላት ነበር፣ ዛሬም እርስዎ ነው የምላት፤ ስሰድባትም በእርስዎ ነው። ዘነበች አፍንጫ ነበራት። ቧንቧው ጋ ቁጭ ብላ ልብስ እያጠበች፣ የማን ቤት በርበሬ እንዳረረ፣ የማን ቤት ቡሆ እንደኮመጠጠ ትናገር ነበር። በፍስክ ወራት ደግሞ ከማን ቤት ቅቤ እንደሸተተ፣ ከማን ቤት እንዳልሸተተ ታውቃለች። አንድ ቀን ሠራተኛዋን በትሪ የተረፈ ወጥ አሸክማ፣ ግቢውን መሀል ለመሀል አሻግራ ላከችብኝ። እሷ ቧንቧው ጋ ሆና «ለልጆቹ ነው፣ ቅቤ ከሸተታቸው ሰነበተ!» ብላ ጮኸች። ልጆቼ በሉ፤ ልጅ ምን ያውቃል። ተሰማ ግን እጁን ታጥቦ ተቀምጦ የነበረ ሰው፣ ተነሥቶ ኮቱን ለበሰና ምሳውን ሳይበላ ወደ ሥራው ሄደ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ዘዴ አበጀሁ። ጉልት ላይ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከሚሸጠው ቅቤ ትንሿን እገዛለሁ። ኮረሪማውን ጠንከር አድርጌ አነጥረዋለሁ። ወጥ ውስጥ ብጨምረው አንድ ቀን እንኳ አይሞላልኝም። በማንኪያ ጫፍ ነካ አድርጌ ፍሙ ላይ ጠብ ሳደርጋት ግን ያች ጠብታ ጭስ ሆና ከማድ ቤት ትወጣና ግቢውን ሁሉ ትዞራለች። ሰኞ ሰኞ ነበር የማደርገው፤ ሰኞ የልብስ አጠባ ቀን ስለሆነ ሴቱ ሁሉ ቧንቧው ጋ ይሰበሰባል። «አስካለ ዛሬ ምን ሠርታ ነው?» ሲሉ እሰማለሁ። ድስቴ ውስጥ ያለው በዘይት የተሠራ ሽሮ ነው። ትሪ የሚልክብኝ ግን ጠፋ። ተሰማም ለምሳ ሲመጣ ከግቢው በር ጀምሮ ቀና ብሎ ይገባ ጀመር። ማታለል ነው የሚል ካለ ይበል።

ያጠፋኝ የልምድ እጅ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ጾም ስለሌለ ሰው ይዘናጋል። ጰራቅሊጦስ እሑድ ይውላል፣ በማግሥቱ ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይገባል። አንዳንዱ የቄስ ጾም ነው ብሎ ያልፈዋል፤ የእኛ ግቢ ሴቶች ግን ይጾሙት ነበር፣ እኔም እጾመው ነበር። ያን ዕለት የሠራሁት ሽሮም የጾም ሽሮ ነበር። እጄ ግን የሚያውቀው ሰኞ መሆኑን ብቻ ነው። ማንኪያውን ቅቤው ውስጥ ነከረና ፍሙ ላይ ጠብ አደረገው።

«ማነው በሐዋርያት ጾም ቅቤ የሚያቁላላው?» የሚል ድምፅ ከቧንቧው ጋ መጣ። ድምፁን አወቅሁት፤ ዘነበች ናት። እጇን በነጠላዋ እየጠረገች መጣች፣ ሴቱም ልብሱን እንደዘፈዘፈ ተከተላት። ምን ልበል? ዝም ብል ጾም ገዳይ መሆኔ ነው፤ በእኛ ሰፈር ያ ቀላል ነገር አይደለም። ድስቱ የጾም ነው ብል ደግሞ ሽታው ከየት መጣ ልባል ነው። ሁለቱንም እያሰብኩ ስንተባተብ ዘነበች በነጠላዋ ጫፍ ክዳኔን አነሣችው። ጭልፋውን ወስዳ ከታች እስከ ላይ አማሰለችው።

«ሽሮ ነው!» አለች ለሰዉ። «ሽሮ ብቻ!»

ከዚያ ዓይኗ ማንኪያው ላይ አረፈ፣ ከማንኪያው ወደ ፍሙ ሄደ። ፍሙ ገና ይጨስ ነበር። ገባት። «ወይ ጉድ! ቅቤዋን ለእኛ አፍንጫ ነው እንዴ የምታበላው! ሰኞ ሰኞ የምንቀናው ለካ በጭስ ነው!» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሴቱም ሳቀ። ትሪ ሲላክብኝ አብራኝ ያዘነች ጎረቤቴ ሳትቀር ሳቀች። እኔ ምድጃው ጋ ቆሜ ማንኪያውን በቀሚሴ ጠረግሁት። ቀትር ሳይሞላ ስም ወጣልኝ። «ወይዘሮ ሽታ» ተባልኩ።

ስሙ እኔ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ምናልባት ረስቼው ነበር። ልጆቼ «የሽታ ልጆች» ተባሉ። ሙሉ የምትባለው ትልቋ ልጄ ከሰፈር ልጆች ጋር መጫወት ትታ ቤት ውስጥ መዋል ጀመረች፤ እስከ ዛሬ ሽሮ ወደ አፏ አታስገባም። ተሰማ ከዚያ በኋላ በግቢው በር ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ነው። እኔን አንድ ቀን አልተናገረኝም፣ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ሲሞት እንኳ ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ደጃፍ አንዱ «ተሰማ የትኛው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው «የወይዘሮ ሽታ ባል» ብሎ ሲመልስለት በጆሮዬ ሰማሁ። ስንት ዓመት የመንግሥት መዝገብ የጠበቀ ሰው በዚያ ስም ተቀበረ። ያን ጊዜ ማልኩ። ዘነበች በዚያው አፏ፣ በሰው ፊት፣ የእኔን ድስት ሳታመሰግን እንዳትሞት ብዬ ማልኩ።

ከዓመታት በኋላ ሰፈሩ ፈረሰ። ወፍጮ ቤቱም፣ ሻይ ቤቱም፣ ያ ቧንቧም ሄዱ። እኛም ወደ ኮንዶሚኒየም ተበተንን፤ እግዜር ሲያመጣው ደግሞ እኔን ሦስተኛ ፎቅ፣ ዘነበችን እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት አደረሰን። ባሏ ሞቷል፣ ሱቁም የለም፤ እሷ ከልጇና ከልጇ ሚስት ጋር ነው የምትኖረው። ደረጃው ሥር ስንገናኝ «እንዴት አደሩ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንባባላለን። ሰላምታ አልከለክልም፤ ሰላምታ ምንም አያስወጣም።

አንድ ቀን በሬ ተንኳኳ። ብከፍት የዘነበች ምራት ሰብለ ናት፤ ከሥራ እንደመጣች ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። «እማማ አስካለ፣ ሽንኩርት ዛሬ ስንት እንደገባ ሰሙ? ዘይቱስ? ሁለታችንም ሠርተን ወሩ አጋማሽ ላይ አስቤዛው ያልቃል። እርስዎ በጡረታ እንዴት ነው የሚኖሩት? በናትዎ ያስተምሩኝ» አለችኝ። በሩን ልዘጋባት እጄ መዝጊያው ላይ ነበር። ከዚያ የምታበስለውን ማን እንደሚበላው ትዝ አለኝ። «ግቢ፣ ልጄ» አልኳት።

አስተማርኳት። ሽንኩርቱን በደረቁ፣ ዱባውን በስሱ፣ የምስሩን ውሃ ለሽሮው። ሳምንቱን ከእሑድ እስከ እሑድ አብረን አሰብነው። ጎበዝ ናት፤ ስልኳ ላይ ልትጽፈው ስትል «ይልቅ እጅሽ ይያዘው» አልኳት፣ ያዘው። ሰኞን የሰጠኋት መጨረሻ ላይ ነው። ያንኑ ሽሮ፣ ያንኑ በኮረሪማ የጠነከረ ቅቤ፣ በማንኪያ ጫፍ የኤሌክትሪክ ምድጃው ዳር ላይ ጠብ። «ለምንድን ነው ወጡ ውስጥ የማይገባው?» ብትለኝ «ቤቱን ደስ ይለዋል» አልኳት። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅኋት፤ ለአማትሽ ከማን እንደተማርሽ እንዳትነግሪ።

ከዚያ ወዲያ ሰብለ በመጣች ቁጥር «አማትሽ ምን አሉ?» እላታለሁ። «ጣፈጠኝ አሉ» ትለኛለች። ሌላ ጊዜ «ዛሬ ሰኞ ነው ወይ እያሉ ጠየቁ» ትለኛለች። «እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ሽሮ በልቼ አላውቅም አሉኝ» ያለችኝ ቀን ብቻዬን ቁጭ ብዬ ለተሰማ ፎቶ ነገርኩት። ለማንም የማላስተምረውን ሁሉ አስተማርኳት፤ እናቴ ለእኔ ብቻ ያሳየችኝን ሳይቀር። ዘነበች ምድር ቤት ተቀምጣ የወይዘሮ ሽታን ወጥ ጣቷን እየላሰች እንደምትበላ ሳስብ ዓመቱ እንደ በዓል አለፈልኝ። የቀረኝ ይህንን በሰው ፊት ማሰማት ነው።

የግንቦት ልደታ ሲደርስ የሕንፃው ሰው ግቢ ወረደ። የልደታ ንፍሮ ደጅ ተቀቅሎ ደጅ ነው የሚበላው፣ ቤት አይገባም። እኔ ለዚህ ነበር የጠበቅሁት፤ ዘነበች ቤቴ እንድትገባ መለመን አያሻኝም፣ ልደታ ራሷ ታወጣልኛለች። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ቅቤም አይከለከልም። ከንፍሮው ጎን ከሰል አያያዝኩ፣ ሰብለን «የሰኞውን ሽሮ እዚሁ ሥሪው» አልኳት። ዘነበች ዱላዋን ይዛ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ጠጉሯ ሙሉ ለሙሉ ነጭ ሆኗል። ሽሮው ሲንተከተክ እኔ ራሴ ማንኪያውን አንሥቼ ፍሙ ላይ ጠብ አደረግኩት። ሽታው ግቢውን ሞላው። ኳስ የሚጫወቱ ልጆች እንኳ ቆመው ዞሩ።

«እትዬ ዘነበች» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ያን ጊዜ ድስቴን ከፍተው ለሰው አሳይተውልኝ ነበር። ዛሬ እኔ ልክፈትልዎ።» ክዳኑን አነሣሁት። «ዓመት ሙሉ ሲበሉ የከረሙት ይሄን ነው። የወይዘሮ ሽታን ሽሮ። እጅሽ ይባረክ ያሉት የእኔን እጅ ነው!»

ዘነበች ድስቱን አየች፣ እኔን አየች።

«እጅሽ ይባረክ?» አለች። «እኔ ነኝ ያልኩት? መቼ?»

ወደ ሰብለ ዞርኩ። ሰብለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። «እማማ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ አይቆጡኝ» አለች። «እሳቸው አላሉም። እኔ ነኝ። ሲሰሙት ደስ ስለሚልዎት ነው ያልኩት። ኮሮና ከታመሙት ወዲህ ምንም አይሸታቸውም፣ የሚበሉትንም አይለዩም። ይህን ብነግርዎት ማስተማሩን ይተዉብኛል ብዬ ፈራሁ።»

ክዳኑን እንደያዝኩ ቀረሁ። ዓመት ሙሉ ጠግቤ ያደርኩት በባዶ ድስት ነው። ልጅቷ የሰኞውን ዘዴ በእኔው ላይ ሠርታብኛለች፤ ሽታውን ወደ ላይ እየላከች ከሥር የምትፈልገውን ወስዳለች። አስተማሪዋ እኔ ነኝና ማንን ልውቀስ? እንዲያውም በመሀሉ ሳቄ ሊመጣ ነበር። ንዴቱ ቀድሞት መጣ።

«እውነቷን ነው» አለች ዘነበች። «አፍንጫዬ ከሞተ ቆየ። ሁሉም ነገር አንድ ነው፣ ትኩስ ከሆነ እበላዋለሁ።» ከዚያ ዱላዋን ተደግፋ ወደ ድስቱ ጎንበስ አለች። ፊቷን እንፋሎቱ ውስጥ አስገባችው፣ ደጋግማ ሳበች። «አስካለ» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያ ቅቤሽ ኮረሪማው ጠንከር ይል ነበር። ቧንቧው ጋ ቁጭ ብዬ ሰኞን እጠብቅ ነበር እኮ። አሁንም እንደዚያ ነው? እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ምን ይሸታል?»

ግቢው በሙሉ ይሸት ነበር። ልክ እንደዚያን ጊዜው ነው፤ ኮረሪማው፣ የፍሙ ጭስ፣ የሽሮው ቁሌት። ሰው ሁሉ አፌን ይጠብቃል። በሰው ፊት፣ በዚያው አፏ፣ የማልኩለት ነገር ቀርቦልኛል፤ መልስ ብሰጣት ምስጋናው ይጨመርልኝ ነበር። እኔ ግን ተሰማ በግቢው በር አንገቱን ደፍቶ ሲገባ ታየኝ።

«ሽሮ ነው» አልኳት። «ሽሮ ብቻ።»

ዘነበች ቀስ ብላ ቀና አለች። ከንፍሮዋ አንዲት ባቄላ አንሥታ ቆረጠመች። ማንም አልሳቀም። ሰዎቹ ይተዉት የሚሉኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፤ ሰብለም ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ አታውቅም።

ትናንት ሰኞ ነበር። ሽሮዬን ጥጄ በሬን በሰፊው ከፈትኩና ቅቤዋን ጠብ አደረግኩ። ደረጃው ሸተተ። አንዲት ከላይ የምትወርድ ወጣት «ምን ሠርተው ነው?» ብላኝ መልስ ሳትጠብቅ አለፈች። ከታች የዘነበች ዱላ ድምፅ ይሰማኛል፣ ከወንበሯ ተነሥታ ወደ በረንዳው ስትሄድ። በዚህ ሕንፃ ያንን የሰኞ ሽታ የሚያውቀው ከእሷና ከእኔ በቀር የቀረ ሰው የለም። እሷ አይሸታትም። እኔ ደግሞ አልነግራትም።